የቤተ ሰብ ምክር ፤ ንጹሕ ድምፅ ያለው የጊታር ማጉያ ስለ መምረጥ



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ወጪና ስለ ጤና ስንነጋገር ቈይተናል። በዚህ ሳምንት ግን አንድ የተከበሩ አባት የላኩልን ደብዳቤ ከወትሮው መንገዳችን ጥቂት ፈቀቅ አድርጎናል። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፤

«ዐሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ የኤሌክትሪክ ጊታር ትማራለች። የበዓል ስጦታዋን አጠራቅማ በእግር የሚረገጡ ሦስት ትንንሽ ሣጥኖች ገዛች፤ ስማቸውንም ፔዳል ትላቸዋለች። አሁን ደግሞ ማጉያ ይግዙልኝ ብላ ለመነችኝ። አብረን ወደ ሱቅ ብንሄድ ሻጩ ትልቁንና ብዙ ማዞሪያ ያለበትን አሳየን። እርስዋ ግን የምፈልገው ንጹሑን ነው ብላ እንባዋ መጣ። እኔ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ንጹሕ ማለቷ ምን ማለት ነው? ያላት ፔዳል ካለ ሌላ ማጉያ ለምን ያስፈልጋታል? ወይስ የልጅነት ምኞት ነውና እንቢ ልበላት?»

ክቡር ሆይ፤ ልጅዎ እውነትዋን ነው። እኔም ጊታር መምታት አላውቅም፤ ነገር ግን ኋላ በምገልጸው ምክንያት ስለዚህ ነገር ዐዋቂዎችን ብዙ ጠይቄ ተምሬአለሁና የተማርሁትን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራርና እንደ በገና ባዶ ሆድ ያለው አይደለም፤ ገላው አብዛኛውን ጊዜ ደንዳና እንጨት ነው። ስለዚህ ክሩ ሲመታ ድምፁ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው አልፎ አይሄድም። ከክሮቹ ሥር ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ፤ እርሱም የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ማጉያው ያንን ደካማ ሞገድ አበርትቶ በድምፅ ማውጫው፥ ማለት በስፒከሩ፥ ያሰማዋል። እንግዲህ ማጉያ ማለት የጊታሩ ግማሽ አካል ነው እንጂ በላዩ የሚደረብ ጌጥ አይደለም። በቤት ባለው የቴፕ ወይም የቴሌቪዥን ስፒከር ለምን አትጠቀምም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የጊታር ስፒከር ስል የሆነውን የላይኛውን ድምፅ እንዲያስቀር ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ጆሮን አያቈስልም፤ ሻካራውን የጊታር ድምፅ በሌላ ስፒከር ብናሰማው ግን የንብ መንጋ በጣሳ ውስጥ የተዘጋ ይመስላል።

ፔዳል የሚባሉት ሣጥኖች ደግሞ በጊታሩና በማጉያው መካከል የሚገቡ ናቸው። ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጣቸው የድምፁን ጠባይ ይለውጣሉ። ኦቨርድራይቭ፥ ዲስቶርሽንና ፈዝ የሚባሉት ድምፁን ያሻክሩታል፤ ከነዚህም በገበያ ቀድሞ የታወቀው ማኤስትሮ ፈዝ ቶን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በአሜሪካ ወጣ። ዋዋ የሚባለው ድምፁን እንደሚናገር አፍ ይከፍተዋል ይዘጋዋል። ኮረስ አንዱን ጊታር ብዙ ጊታሮች አብረው የሚመቱት ያስመስለዋል። ዲሌይ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል። ሪቨርብ ደግሞ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንደሚመታ አድርጎ ያሰማዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ ደርሰናል። አባቶቻችን ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ብለዋል። ብርሌ የተወደደበት ምክንያት ጥርት ያለ ስለ ሆነ የጠጁን መልክ ሳይሸሽግ ስለሚያሳይ ነው። ብርሌው የደፈረሰ ቢሆን ግን ጉድለቱ የጠጁ ይሁን የብርሌው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ንጹሕ ማጉያም እንደዚሁ ነው፤ ከራሱ ሻካራ ነገር ሳይጨምር የገባለትን ድምፅ አጉልቶ ይመልሳል። ሦስት ፔዳል ያላት ልጅ ቀለሙን ሁሉ በፔዳሎቿ ታበጃለችና ማጉያዋ ጥርት ያለ እንዲሆን መፈለጓ ዕውቀት እንጂ ቅብጠት አይደለም። ማጉያው አስቀድሞ ድምፁን የሚያሻክር ቢሆን የዲሌይ ማሚቶ እያንዳንዱ እንደ ገና ይሻክርና የፊተኛው በኋለኛው ላይ ተደርቦ ጭቃ ይሆናል፤ ኮረሱም ሪቨርቡም ውበታቸው ይጠፋል።

አንድ ማጉያ የሚሻክረው ለምንድር ነው ቢባል፥ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ የጠራ ሆኖ በኀይል ሲጮኽ እንደሚጐረንን፥ ማጉያም ማዞሪያው ከፍ እያለ ሲሄድ የሞገዱን ጫፍ ጫፍ ይቈርጠዋል፤ ሻካራነት የሚባለውም ይህ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ይህ እንደ ጉድለት ይቈጠር ነበር፤ ኋላ ግን ተጫዋቾች ወደዱትና ሻካራነትን አብዝተው የሚሰጡ ማጉያዎች ሆን ተብለው ተሠሩ። ሻጩ ለክቡርነትዎ ያሳየው ትልቁና ባለ ብዙ ማዞሪያው ከነዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም፤ ነገር ግን ፔዳሏን አስቀድማ ለገዛች ልጅ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል።

ስለዚህ ንጹሕ ማጉያ ሲመረጥ የሚጠየቀው ድምፁ ሳይሻክር እስከ የት ከፍ ይላል የሚለው ነው። ይህም በዋት ብዛት፥ በስፒከሩ ጥንካሬና በአሠራሩ ይወሰናል። ነገር ግን በዋት ቍጥር መታለል አይገባም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ባለ 85 ዋቱ ማጉያ ከባለ 22 ዋቱ አራት እጥፍ ያህል ኀይል ቢኖረውም በጆሮ ሲሰማ እጥፍ እንኳ አይሆንም። ትርፉ ከበሮና ናስ ባለበት ጓድ መካከል ሳይሻክር መቆየቱ ነው፤ ለእልፍኝ ግን ትርፉ ክብደትና የጎረቤት ቅሬታ ነው።

ከታወቁት ንጹሕ ማጉያዎች ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ፌንደር የሚባለው ፋብሪካ በአሜሪካ በካሊፎርንያ በ1946 በሊዮ ፌንደር ተመሠረተ። ይህ ሰው አስቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረ፤ በ1938 ሬዲዮ የሚጠግንበት ሱቅ ከፈተ፤ ጊታርም መምታት ከቶ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የሙዚቀኞችን ቃል በትዕግሥት ይሰማ ስለ ነበር የሠራው ዕቃ በዓለም ሁሉ ተወደደ። ክቡር ሆይ፤ ይህን የጻፍሁት እኔ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ አላውቅም ላሉት ቃል መጽናኛ እንዲሆን ነው። ከዚህ ፋብሪካ በ1963 የወጡት ትዊን ሪቨርብና ደለክስ ሪቨርብ የሚባሉት ማጉያዎች እስከ ዛሬ የንጹሕ ድምፅ መለኪያ ሆነው ይኖራሉ። ትዊኑ 85 ዋትና 12 ኢንች የሆኑ ሁለት ስፒከሮች አሉት፤ እስከ 29 ኪሎ ግራም ይመዝናልና ያለ ረዳት ደረጃ አይወጣም። ደለክሱ 22 ዋትና አንድ 12 ኢንች ስፒከር አለው፤ ማዞሪያው ወደ አጋማሽ ሲደርስ መሻከር ይጀምራል፤ ለቤትና ለትንሽ አዳራሽ ግን ይበቃል። ሁለቱም በመስታወት ቫልቭ የሚሠሩ ናቸው።

በዠፓን ደግሞ ሮላንድ የተባለው ፋብሪካ በ1975 ጃዝ ኮረስ 120 የሚባለውን አወጣ። ይህ በቫልቭ ፈንታ በትራንዚስተር ይሠራል፤ በየ60 ዋቱ ሁለት ማጉያ በአንድ ሣጥን ውስጥ አለው፤ በጥራቱም ከማንም አያንስም። በውስጡ ያለው ኮረስ እጅግ ስለ ተወደደ በ1976 ለብቻው ፔዳል ሆኖ ቦስ በሚባለው ስም ተሸጠ። እርሱም 28 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ለእልፍኝ የሚሆነው ታናሽ ወንድሙ ጃዝ ኮረስ 22 ይባላል፤ 30 ዋትና 6 ኢንች ተኩል የሆኑ ሁለት ስፒከሮች አሉት። በ2019 ደግሞ ፌንደር ቶን ማስተር የተባለውን አወጣ፤ ይህ የደለክሱንና የትዊኑን ድምፅ በኮምፒውተር አሠራር የሚመስል ነው፤ ደለክሱን የሚመስለው ወደ 10 ኪሎ ግራም ብቻ ስለ ሆነ ልጅ ልታነሣው ትችላለች። የእንግሊዙ ቮክስ ኤሲ 30 ድምፁ እንደ ቃጭል የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይሻክራልና ፍጹም ንጹሕ ለሚሻ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ቫልቭ ይሻላል ወይስ ትራንዚስተር ተብሎ ብዙ ክርክር ይደረጋል። ባጭሩ ቫልቭ ያለው ሲሻክር ቀስ ብሎና በለስላሳነት ነው፤ የጣትን ኀይልም ያስተውላል። ነገር ግን ቫልቮቹ በጊዜ ያረጃሉ፤ ምትክ ያስፈልጋቸዋል። ትራንዚስተሩ በዝቅተኛ ድምፅ እንኳ ጥራቱን አይለቅም፤ ጠባቂም አያሻውም። ለጀማሪ ቤት ይህኛው ያነሰ ጣጣ አለው።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የሚከተለውን ያድርጉ።

አንደኛ፤ ልጅዎ የራሷን ጊታርና የራሷን ፔዳሎች ይዛ ትሂድ። በሰው ጊታር የተፈተነ ማጉያ በሌላ ሰው እግር እንደ ተለካ ጫማ ነው።

ሁለተኛ፤ አስቀድሞ ያለ ፔዳል ይሰማ። የቀጭኑና የወፍራሙ ድምፅ ማዞሪያዎች ሁሉ በመካከል ይሁኑ፤ ከዚያ ትዝታን ወይም ባቲን ቀስ ብላ ትምታ። ሁለትና ሦስት ክር ባንድነት ሲመታ እያንዳንዱ ተለይቶ ከተሰማ ማጉያው ንጹሕ ነው፤ ተቀላቅሎ ከጐረነነ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ በለስላሳ፥ አንድ ጊዜ በኀይል ትምታ፤ ማዞሪያውም ቤት ከሚበቃው በላይ ከፍ ይበልና እንደ ገና ይፈተን።

ሦስተኛ፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሎቹ አንድ በአንድ ይግቡ። የሚያሻክረው ፊት፥ ማሚቶ የሚሰጠው ኋላ ይሁን፤ ልማዱ እንደዚህ ነው። አንዳንድ ማጉያ በጀርባው መላኪያና መመለሻ የሚባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ እነዚህ ማጉያው ራሱ ካሻከረው በኋላ ማሚቶውን ለማስገባት የተሠሩ ናቸው። ንጹሕ ማጉያ ለሚገዛ ሰው ግን የግድ አይደሉም፤ ደለክሱና ትዊኑ ያለ እነርሱ ስንት ዘመን አገልግለዋል።

አራተኛ፤ ማንም ሳይመታ ዝም ተብሎ ይደመጥ። ጥቂት ሹክሹክታ የተለመደ ነው፤ እንደ ወፍጮ የሚያጕረመርም ከሆነ ግን አንድ ነገር ጐድሏል። ፔዳሎቹ ሁሉ ባንድ ርካሽ የኀይል ማከፋፈያ ሲሠሩ ጩኸት ሊያመጡ ይችላሉና፥ ጥፋቱን በማጉያው ላይ ከመጫን በፊት አንዱን ፔዳል ብቻ በባትሪ ድንጋይ ሞክሩት።

አሁን የኤሌክትሪኩን ነገር ልናገር፤ የምጽፈውም ያላፈርሁበት ሆኖ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የምትኖር እህቴ ከደመወዝዋ ቈጥባ በቤቴ ላደገው ለወንድሜ ልጅ አንድ የቫልቭ ማጉያ ላከችለት። ልጁ ዕቃውን አገላብጦ አየና «ጋሼ፥ ጀርባው ላይ 120 ይላል፤ የኛ መብራት 220 ነው፤ ይቈየን» አለኝ። እኔ ግን በሹመቴና በዕድሜዬ ተመክቼ «ይህን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ዕቃ ይህ ያቅተዋልን? ሰካው» አልሁት። ሰካው፤ ወዲያው ፊውዙ ተቃጠለ። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ፊውዙ ቀጭን ሆኖ ነው ብዬ ወፈር ያለ አስገዝቼ በገዛ እጄ አገባሁበት። ፊውዝ ማለት ስለ ዕቃው ቀድሞ የሚሞት ዘበኛ ነው፤ እኔ ዘበኛውን አስወግጄ ቤቱን አስዘረፍሁ። ጢስ ወጣ፤ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ልጁ «ምንም አይደል፥ ጋሼ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረኝም። ማጉያው ምትክ ተገኝቶለት እስኪጠገን ዘጠኝ ወር ሙሉ ጊታሩ ከነልባሱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ እኔም ባለፍሁ ቍጥር አየው ነበር። ስለዚህ ነገር ዐዋቂ ፍለጋ የጀመርሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ለእህቴም እውነቱን በደብዳቤ የነገርኋት እኔ ራሴ ነኝ።

እንግዲህ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ አብዛኛው በ120 ቮልት የሚሠራ ነውና ጀርባው ላይ የተጻፈው ሳይነበብ አይሰካ። በ220 እስከ 240 ቮልት እንዲሠራ የተበጀውን ማስመጣት ይሻላል። ባይገኝ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛ፤ ዐቅሙም ማጉያው ከሶኬት እስባለሁ ብሎ በጀርባው ከጻፈው ዋት በጣም የበለጠ ይሁን። ይህ ዋት ስለ ድምፁ ከሚነገረው ዋት የተለየና የሚበልጥ ነው። የፔዳሎቹም ማስተላለፊያ እንደዚሁ ይመርመር፤ አብዛኞቹ 9 ቮልት ናቸው። የመሬት ሽቦ ያለበትን መሰኪያ ቈርጦ ማስቀረት ነፍስን በክር ላይ ማንጠልጠል ነው። የቫልቭ ማጉያ ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ አይከፈት፤ ከሶኬት ቢነቀልም በውስጡ ገዳይ ኀይል ይዞ ሊቈይ ይችላልና ዐዋቂ ያልሆነ ሰው ሽፋኑን አይፍታ።

ስለ ቤት ሥርዓት ደግሞ ጥቂት እንበል። የጆሮ ጤና ዐዋቂዎች 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ማጉያው ከወለል ከፍ ብሎ በበርጩማ ላይ ቢቀመጥና ፊቱ ወደ ልጅቱ ጆሮ ጥቂት ቢቃና፥ በዝቅተኛ ድምፅ በደንብ ትሰማለች፤ መሬት ላይ ከሆነ ግን ጕልበቷን እየመታ ጎረቤት ያስቸግራል። የመለማመጃ ሰዓት ይወሰን፤ የተወሰነውንም ሰዓት አባትም ያክብረው እንጂ እንግዳ በመጣ ቍጥር ዝም በዪ አይበል።

ክቡር ሆይ፤ መልሴን ላጠቃልል። ልጅዎ ስጦታዋን በጣፋጭና በልብስ ሳታጠፋ በዕውቀት መሣሪያ ላይ ያዋለች፥ የምትፈልገውንም በስሙ ለይታ የተናገረች ናትና እንቢታ አይገባትም። ገንዘቡ የማይበቃ ቢሆን እውነቱን ከነቍጥሩ ይንገሯት፤ ትንሽ ትራንዚስተር ያለውና በሰው እጅ የቈየ ንጹሕ ማጉያ ከትልቁና ከሻካራው አዲስ ይሻላታል። ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ ሱቅ ተመለሱ፤ እርስዎ ዋጋውንና በጀርባው የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ ድምፁን ግን ለእርስዋ ይተዉላት። እርስዋ ይህ ነው ስትል፥ ሻጩ ሌላውን ቢያመሰግንም፥ የልጅዎን ቃል ይስሙ። እኔ የልጅ ቃል ባለ መስማቴ የከፈልሁትን አንብበዋል።

ዕቃው ቤት በገባም ጊዜ ጋዜጣዎን ጥቂት አስቀምጠው እስክትጨርስ ድረስ ይቀመጡላት። የማጉያውን ጥራት የሚያስታውቀው ያን ጊዜ የሚሰሙት ድምፅ ነው።